ከፊት የመጣው ኮቴ

ቺግሳ ካነሂራ ዳግመኛ ዓይኑን ላለማየት የማለችበትን ሰው ልታገኝ ኮረብታውን ስትወጣ፣ ከባሕሩ በኩል የበረዶው ወራት ነጎድጓድ ያጉረመርም ነበር። በካናዛዋ ሰማዩ እንዲህ ሲያጓራ ዓሣ አጥማጆች ደስ ይላቸዋል፤ የሰባው ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ገባ ማለት ነው። እሷ ግን አንገቷን ቀብራ መንገዷን ቀጠለች። ጃንጥላዋንም ረስታለች። "ምሳህን ብትረሳ እንኳ ጃንጥላህን አትርሳ" በሚባልበት ከተማ ተወልዳ ያደገች ሴት ጃንጥላዋን ከረሳች፣ ልቧ አብሯት እንዳልነበረ ማንም ያውቃል።

ያስመጣት በስልኳ የገባ አጭር መልእክት ነው። "ያለ አንቺ የሚፈታው የለም። አንዴ ብቻ መጥተሽ ስሚልኝ። ከዚያ ወዲያ አላስቸግርሽም። ጁምፔ።" ካለፈው ጸደይ ጀምሮ ደብዛው ጠፍቶ የከረመ ሰው የጻፈው ይኼው ነው። ናፈቅሽኝ የለ፣ ይቅርታ የለ። አንብባ ስልኩን በንዴት ደፋችው። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ሌላ ሌላውን ስታስብ ቆየችና መልሳ አነሳችው።

ጁምፔ የድምፅ ተመራማሪ ነው። አንድን አዳራሽ በድምፁ ብቻ እንደገና መሥራት ያውቅበታል፤ ጆሮ ማዳመጫ ያጠለቀ ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ እስኪመስለው ድረስ፣ ጭብጨባው ከየትኛው ግድግዳ ተመልሶ እንደመጣ እስኪለይ ድረስ። አባቱ በኖቶ ልሳነ ምድር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እሱም በንግግሩ መሃል የአገሩ ዘዬ ሲያመልጠው ያፍራል። ቺግሳ ደግሞ የካነሂራ ቤት ልጅ ናት። ይህ ቤት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖን ቲያትር፣ ያንን ጭንብል አጥልቀው በዜማ የሚጫወቱትን ጥንታዊ ድራማ፣ ሲያስተምር የኖረ ነው። በግቢው ውስጥም የራሱ የጥድ መድረክ ነበረው። ነበረው ማለት ያሳዝናል፤ የመሬት መንቀጥቀጡ ምሰሶዎቹን ስለሰነጠቃቸው ባለፈው በጋ ፈርሷል።

መድረኩ ከመፍረሱ በፊት ድምፁን እንዲያስቀር ዩኒቨርሲቲው የላከው ጁምፔን ነበር። ለልኬቱ የሰው ጆሮ ያስፈልግ ስለነበር ቺግሳ በቀልድ መልክ "የኔን ውሰዳ" አለችው። ወሰደው። በየቀኑ እየመጣ መድረኩ መሃል ያስቀምጣታል፤ ፊቷን ተዋንያን ወደሚመጡበት ረጅም የጣውላ ድልድይ ያዞራታል፤ ሁለት ጥቃቅን ማይክሮፎኖች በጆሮዎቿ ውስጥ ይከታል። ከዚያ ድልድዩ ላይ ካቆመው ድምፅ ማጉያ ከጉርምርምታ ተነስቶ እስከ ፉጨት የሚወጣ ድምፅ ይለቃል። ማይክሮፎኖቹ ጆሮዋን እንደ ቡሽ ስለሚደፍኑት እሷ ምንም አትሰማም። ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትነቃነቅ፣ ጣቶቹ የጆሮዋን ጫፍ ሲነኩና ሲርቁ ብቻ ታውቃለች። ፍቅር የያዛት በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። እሱም እንደያዘው ለማወቅ አልተቸገረችም፤ የጣቶቹ መንቀጥቀጥ ነገራት።

ልኬቱ ባለቀ ሰሞን ጁምፔ ደህና ሁኚ ሳይል ሰንዳይ ወደሚባል ሩቅ ከተማ ሄደ። ጆሮዬን ፈልጎ ነበር፣ ወሰደ፣ አበቃ ብላ ደመደመች። በዚህ መሃል አባቷ ሰይጁሮ ካነሂራ ከደቀ መዛሙርቱ ሁሉ የሚመርጡትን ኖሪሚቺን እቤት ጠሩት። አንድያ ወንድ ልጃቸው ቶሞአኪ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ ወራሽ የላቸውም። ኖሪሚቺ ቺግሳን አግብቶ፣ የካነሂራን ስም ወስዶ፣ የቤቱ ልጅ እንዲሆን ተመከረ። ቺግሳ እሺ አለች። ኖሪሚቺ ጨዋ ሰው ነው፤ አንድም የሚጠላ ነገር የለበትም። የመተጫጫው ስጦታ የሚለዋወጡት በመጪው እሁድ ነው።

ከሰንዳይ የተመለሰውን ጁምፔን ኮረብታው ላይ ባለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል። ዓይኖቻቸው ተገናኙና ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ ጫማቸው አዩ።

"በረዶ መትቶሻል" አላት።

"የመጣሁት ለሥራ ነው" አለችው። "ሥራውን ንገረኝ።"

የያዘውን ፎጣ ሊሰጣት ዘርግቶት የነበረ እጁ ተመለሰ። ፎጣውን ከኋላቸው የቆመችው ኦጋታ ተቀብላ ለቺግሳ ሰጠቻት። ኦጋታ ከመሣሪያዎቹ ጋር ያረጀች የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ናት፤ የሁለቱን ፊት አየት አየት አድርጋ፣ ሻይ ላፍላ ብላ ዞር አለች። ቺግሳ የፎጣው ሙቀት ፊቷን ሲነካው ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ደግነቱ ፎጣው ፊቷን ሸፍኗል።

ጁምፔ ነገሩን እየፈራ አስረዳት። ፈራርሶ የቀረውን መድረክ በድምፅ ሠርቶ ጨርሷል። ሰዎች ጠርቶ በጆሮ ማዳመጫ አስደመጣቸው፤ ከበሮው ከየት ነው፣ ዘፋኙ ከየት ነው፣ ጣሪያው ስንት ያህል ይርቃል እያለ ጠየቃቸው። ሁሉም ደህና መለሱ። ከዚያ ግን ለጀርባ ድምፅ እንዲሆን የራሱን የመድረኩን ጸጥታ ለቀቀላቸው። ያንን ጸጥታ የቀዳው በመጨረሻው የልኬት ቀን ነው፤ ማሞቂያውን ሊያጠፋ ወደ ጓሮ ሲወጣ ቺግሳ ማይክሮፎኖቹን እንዳደረገች ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ጸጥታው እንደጀመረ አድማጮቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ዞሩ። ሳይነጋገሩ፣ በየተራ ገብተው፣ ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ።

"ሰው ከኋላዬ መጣ ነው የሚሉት። ሲዞሩ ደግሞ አብሯቸው ይዞራል። የተቀዳ ድምፅ ስለሆነ ከራሳቸው ጋር ነው የሚሄደው፤ ቢዞሩ ቢዞሩ ምንጊዜም ከጀርባቸው ነው። አንዷ ማዳመጫውን ወርውራ ወጣች። አሁን የሚገባልኝ ሰው የለም።"

"አንተስ?"

"እኔም ከኋላዬ ነው የምሰማው።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ግን እኔም ሆንኩ እነሱ የሰማነው ባንቺ ጆሮ ነው። የሰው የጆሮ ቅርጽ እንደ ጣት አሻራ ነው። የፊቱን ከኋላው የምንለየው በዚያ ቅርጽ ስለሆነ፣ በሌላ ሰው ጆሮ ስትሰሚ አቅጣጫው ይዘበራረቅብሻል። ያ ነገር በእውነት ከየት እንደመጣ ልታውቂ የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ።"

ስለዚህ ነው የጠራት። ሌላ ምክንያት ይኖራል ብላ በበረዶ ውስጥ ሽቅብ መውጣቷ አሳፈራት፤ ሐፍረቱም እንደ ቁጣ ፊቷን አጋለው።

የሚደመጥበት ክፍል ግድግዳውም ጣሪያውም ወለሉም ድምፅ በሚውጥ ሾጣጣ ስፖንጅ የተሸፈነ ነው። ሰው የሚረግጠው ከወለሉ በላይ በተወጠረ የሽቦ መረብ ላይ ነው። ኦጋታ በሩ ድረስ ሸኝታት፣ "እኔ ሙት አልፈራም፤ የሚያስፈራው ቋሚ ነው" አለችና ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "ቢሆንም አልገባም" አለች። በሩ ሲዘጋ ቺግሳ የገዛ ደሟ በጆሮዋ ሲሮጥ ሰማች። መብራቱ ጠፋ። ማዳመጫውን አጠለቀች።

መድረኩ ተመለሰ።

እንዲህ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም። ከበሮው አንዴ ሲመታ ጣሪያው ከነሙሉ ከፍታው ከበላይዋ ተዘረጋ፤ በስተቀኝ የመዘምራኑ ጎን፣ በስተግራ ሸክላ የለበሰው አጥር፣ ከወለሉ በታች ድሮ የተቀበሩት ባዶ ጋኖች ሆዳቸውን ሞልተው ሲያስተጋቡ፣ ሁሉም በየቦታው ነበር። በመዶሻ ሲፈርስ ቆማ ያየችው ቤት በጨለማ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ከበባት። በልጅነቷ ከቶሞአኪ ጋር ያንን ወለል በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉት እንደነበረ ጠረኑ ሁሉ መጣባት። ይኼንን የሠራው ጁምፔ ነው። የሚጠላ ሰው እንዲህ አድርጎ አይሠራም ብላ አሰበች፤ ወዲያው ሐሳቡን ገፋችው።

ከዚያ ከበሮው ቆመና ጸጥታው ገባ። ሩቅ አንድ ቁራ ጮኸ። ነፋስ በአጥሩ ላይ አለፈ። እሷ ራሷ ስትተነፍስ ሰማች።

ኮቴው ተነሳ።

እግር ሳይነሳ ወለሉን እየዳሰሰ የሚሄድ፣ በነጭ ካልሲ የሚረገጥ፣ የኖ ተዋንያን እርምጃ ነው። አድማጮቹ ከኋላ ነው ያሉት ለእሷ ከኋላ አልነበረም። ከፊት ነው። በቀጥታ ከፊቷ፣ ከድልድዩ ጫፍ፣ ተዋንያን ከሚወጡበት መጋረጃ በኩል ወደ እሷ ይመጣል። አንደኛው እግር ሲከተል ትንሽ ይጎተታል። ቆመ። ከዚያ እንደገና ተነሳ፤ ድልድዩን አልፎ መድረኩ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያሉት ጋኖች ቀስ ብለው አንጎራጎሩ። ቀረበ። ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመና ተነፈሰ።

ቺግሳ ሳታስበው በጨለማው እጇን ወደ ፊት ዘረጋች። እጇ ምንም አልነካም። ትንፋሹ ግን አልሸሸም። አንድ ሰው ዝቅ ብሎ ፊቷን እያየ ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን ተደፍና፣ የሚወዳት ሰው ከጓሮ እስኪመለስ እየጠበቀች ሳለ የሆነ ሰው ቆሞ ሲያያት ነበር፣ እሷም አላወቀችም። ብርዱ ከአከርካሪዋ ተነስቶ እስከ ፀጉሯ ሥር ወጣ። የገረማት ግን ፍርሃቱ አልነበረም፤ ያ ትንፋሽ እንዳይሄድ መፈለጓ ነው።

ስትወጣ ጁምፔ በሩ ላይ ነበር፤ ክንዷን ያዛት። አልገፋችውም።

"ከፊት ነው" አለችው። "በድልድዩ ነው የመጣው። የሚጎተተውን እግር አውቀዋለሁ፤ አባባ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ እንደዚያ ነው የሚራመዱት። የዚያን ቀን አባባ ገብተው ነበር።"

ፊቱ ሲለዋወጥ አየች። ያላወቀ ሰው ፊት አልነበረም።

"ምንድን ነው የምታውቀው?"

"ቃል ሰጥቻለሁ" አላት።

"ለማን?"

ዞር ብሎ የማዳመጫውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ያ በቃት። የኖቶ ሰው ለዩኒቨርሲቲ ሹም ወይም ለጓደኛው ሲል ልቡን እንዲያ አይቆልፍም። ለአንድ ሽማግሌ ግን፣ ምናልባት ደጁ መጥቶ ለለመነው ሽማግሌ፣ ይቆልፋል። ቺግሳ ይህን ስትረዳ፣ ከጸደይ ጀምሮ እንደ እባብ አቅፋ ያሞቀችው ጥላቻ ከእቅፏ ወጥቶ ሄደ፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ቀረና ንፋስ ገባበት።

በማግስቱ ከሰዓት አባቷን በዓሣ ኩሬው ትይዩ ባለው ክፍል ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከፊታቸው ብርድ ልብስ የለበሰ ማሞቂያ ጠረጴዛ አለ። የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሰይጁሮ ካነሂራ በጭንብል ሥር ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው፤ ያለ ጭንብልም ፊታቸው አይነበብም። ነገር ግን አልካዱም። የዚያን ቀን የገቡት በቁጣ እንደነበር ተናገሩ። ሽቦውን በጣጥሰው ያንን የዓሣ አጥማጅ ልጅ ከግቢያቸው ሊያባርሩ ነበር። ከመጋረጃው ወጥተው ድልድዩ ላይ ጥቂት ሲሄዱ ግን ልጃቸውን አዩ፤ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ቀና አድርጋ ተቀምጣለች፣ ፊቷም ከወንድሟ ሞት ወዲህ አይተውት በማያውቁት ደስታ አብርቷል።

"ያን ጊዜ ጥለሽኝ እንደምትሄጂ ገባኝ" አሉ። "ማታውኑ ወደ ማረፊያው ሄድኩ። ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ደፍቼ ለመንኩት። አንድ ልጅ ነው የቀረኝ፣ አትውሰድብኝ አልኩት። ሳትሰማ ሂድልኝ አልኩት። እያለቀሰ እሺ አለኝ።"

ቺግሳ በአባቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ዕለትም አላደረገችውም።

"አባባ፣ እኔን ቢለምኑኝ ምን ነበረበት?"

"አንቺን ብለምንሽ እሺ ትዪ ነበር። ከዚያ በየቀኑ እሺታሽን እያየሁ መኖር ነበረብኝ።"

"አሁንስ ምን እያዩ ነው የሚኖሩት?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ኩሬው መለሱ። ቺግሳ ልቧ በአንድ በኩል እያዘነላቸው በሌላ በኩል እየራቃቸው፣ ቢያንስ ያን ያህል ቀርበው ፊቴን ካዩ በኋላ እንዴት አስችሎዎት ሄዱ ብላ ጠየቀቻቸው። ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመው ሲተነፍሱ በቅጂው ሰምቻለሁ አለቻቸው።

አባቷ ቀስ ብለው ዞሩ።

"እኔ ከድልድዩ አላለፍኩም" አሉ። "ድልድዩ ጎን ያለው ጥድ ጋ ቆሜ ተመለስኩ። አንቺ አጠገብ አልደረስኩም።"

ከጣሪያው ላይ የበረዶ ክምር ተንሸራቶ ግቢው ውስጥ ወደቀ። ሁለቱም ደነገጡ፤ መደንገጣቸውንም አንዳቸው ከሌላቸው አልደበቁም።

ላዳምጠው ያሉት ራሳቸው ናቸው። ቤተ ሙከራው ሲደርሱ ኦጋታ ከጎናቸው ሆና በሽቦ መረቡ ላይ ደግፋ ወንበራቸው ድረስ አስገባቻቸው፤ አልገባም ማለቷን ረስታዋለች። ጁምፔ መሬት የሚነካ እጅ ነሳ። አዛውንቱ አጸፋውን ሲመልሱ ዓይኑን አላዩትም፤ ማዳመጫውን ግን እሱ ራሱ ጆሯቸው ላይ ሲያስተካክልላቸው አልከለከሉትም። ቺግሳና ጁምፔ ሌላ ማዳመጫ አድርገው አጠገባቸው ቆሙ። የአዛውንቱን ፊት ለማየት ሲሉ አንዲት ትንሽ መብራት አስቀሩ።

መድረካቸው ሲመለስ የሰይጁሮ ካነሂራ ጀርባ ቀጥ አለ። እጆቻቸው ጭናቸው ላይ እንደ ወጣት ተዋናይ ተስተካከሉ። ጸጥታው ገባ፤ ቁራው ጮኸ፤ ኮቴው ተነሳ። አዛውንቱም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ።

"ከፊት ነው አባባ" አለች ቺግሳ። "በኔ ጆሮ ስለሚሰሙት ነው ከኋላ የሚመስልዎ።"

እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት። "ይኼ እኔ ነኝ" አሉ። "ይኼ የኔ የታመመ ጉልበት ነው።" የሚጎተተው እግር መጥቶ ቆመ። "እዚህ ጥዱ ጋ ነኝ። እያየሁሽ ነው።" ጥቂት ጸጥታ ሆነ። "ተመለስኩ።"

ኮቴው ግን አልተመለሰም። ወደ ፊት ቀጠለ። ቺግሳ በመጀመሪያው ቀን በፍርሃት ያልለየችውን አሁን ለየች፤ እግሩ መጎተቱን ትቷል። ጤናማ፣ ወጣት፣ የተዝናና እርምጃ መድረኩ ላይ ወጣ፣ ጋኖቹም አንጎራጎሩለት።

አዛውንቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ተረከዙን" አሉ። "ተረከዙን ከማንሳቱ በፊት ያዘገያል። ትሰማላችሁ? ስንት ዓመት አረምኩት። በዱላ ሳይቀር። እምቢ አለኝ።"

ስሙን አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለገም። ትንፋሹ ሲመጣ ቺግሳ ፊቷ ላይ ተሰማት፤ አባቷ ደግሞ ማጅራታቸው ላይ እንደተሰማቸው ከአንገታቸው ማጎንበስ አወቀች። ሁለቱም በየአቅጣጫቸው፣ አንድ ሰው ላይ ተገናኙ።

ድምፁ ሲያልቅ ትልቁን መብራት ለማብራት የደፈረ አልነበረም።

"አንተ የተማርክ ነህ" አሉት አዛውንቱ ጁምፔን። ቀጥታ ሲያናግሩት ይህ የመጀመሪያው ነው። "ምንድን ነው ትላለህ?"

"ጣውላ በብርድ ሲኮማተር ይጮኻል፣ መምህር። ከሥር ያሉት ጋኖች ያጎሉታል። እንደዚያ ብዬ መጻፍ እችላለሁ።"

"ታምነዋለህ?"

ጁምፔ ማዳመጫውን አወለቀ። "አላምነውም" አለ። "አምኜው ቢሆን ኖሮ ለእርስዎ የገባሁትን ቃል አፍርሼ አልጠራትም ነበር። እዚያ ክፍል ብቻዬን ሆኜ ስሰማው እሷን የሚፈልጋት መሰለኝ። እኔ የፈለግኋት አስመስዬ ጠራኋት። እኔም ደግሞ እፈልጋት ነበር።"

ቺግሳ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አባቷ የተናገሩት በመድረክ ድምፃቸው ሳይሆን በደከመ የሽማግሌ ድምፅ ነው። ኖሪሚቺ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ስሙንም ጥበቡንም ይውሰድ፣ ለዚህ የማንም ባል መሆን አያስፈልገውም አሉ። እሁድ ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ጎንበስ ማለቱን ለምደውታል።

"እኔ ወለሉንና ጣሪያውን ስቆጥር አንቺንም ከቤቱ ዕቃ ጋር ቆጥሬሽ ነበር" አሏት። "እኔ ጥዱ ጋ ቆሜ ስቀር ወንድምሽ አንቺ ድረስ ሄደ። ሙት እንኳ ከኔ ይሻላል።"

"እንዲህ አይበሉ አባባ።"

"እላለሁ። ገና ብዙ እላለሁ።" ተነሱ። ጁምፔ ሊደግፋቸው ሲቀርብ ክንዱን ገፉት፤ መረቡ ላይ አንድ እርምጃ ሄዱና ሚዛናቸውን ሲስቱ መልሰው ያዙት፤ ሳይለቁትም በሩ ድረስ ሄዱ። እዚያ ኦጋታ ተቀበለቻቸው፤ ሻይ ይጠጣሉ ወይስ ትኩስ ሾርባ ስትላቸው ሁለቱንም እንዳሉ ተሰማ። በሩ ተዘጋ።

ጁምፔ ወደ ቺግሳ ተመለሰ። በዚያ ክፍል ውስጥ ቃል ከአፍ ወጥቶ የሚያርፍበት ግድግዳ የለም፤ ሲናገሩት ጆሮ ይደርስና እዚያው ያልቃል። እወድሻለሁ አላት። ድምፁ ምንም ሳያጅበው፣ ምንም ሳያሳምረው፣ ራቁቱን መጣ። ከዚያ በኖቶ ዘዬው ደገመው፣ ያን ጊዜ ግን አላፈረም። ስትጠላው የከረመችበትን ወራት ሁሉ በአንድ ቃል ልትነግረው ፈልጋ ቃሉ ጠፋት።

"ለምን ቃል ሰጠሃቸው?" ብቻ አለችው።

"የኔም አባት ቢሆን እንደዚያ ይለምን ነበር ብዬ።"

እጇን ሰጠችው። ጣቶቹ አሁንም ይንቀጠቀጣሉ፤ የሷም እንደዚያው። ፊቷን ትከሻው ላይ ስታስጠጋ፣ ለዚህ ለቆመው ሰው የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ የወጣው ግን በቶሞአኪ ቀብር ቀን የቤቱ ሰዎች ሁሉ ደርቀው ቆመው ሳለ ውስጧ ታምቆ የቀረው ልቅሶ ነው። ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለች አለቀሰች፤ ጁምፔም ለማያውቀው ሰው ከእሷ ጋር አለቀሰ። ክፍሉ ልቅሷቸውን እየዋጠ ለማንም አላሰማም። ፈርታ ነበር፣ ደስ ብሏትም ነበር፤ ሁለቱን ልትለያይ ብትሞክር አልሆነላትም፤ ለመለየትም አልቸኮለች።